የሚያሳድገውን ችግር ከሚጎዳው ለመለየት፤ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ያልሰማ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል። ልጅ አልታዘዝ ሲል፣ ተማሪ ሲሰንፍ፣ ወጣት የተገኘውን ሥራ ሲንቅ፣ ምክር ያላቃናውን መከራ እንደሚያቃናው በልበ ሙሉነት እንናገራለን። ይህ መመሪያ የተጻፈው ልጃቸው ወይም ተማሪያቸው ሲቸገር እያዩ፣ ትተው ማየት ይሻላል ወይስ እጅ መዘርጋት በሚለው ጥያቄ በየዕለቱ ለሚፈተኑ ሰዎች ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ ዘንድ፣ ችግር በራሱ ማንንም አያሳድግም። ሰውን የሚያሳድገው በልኩ የተሰጠ፣ መጨረሻው የሚታይ፣ ከጀርባው የሚደግፍ ሰው ያለበት ከባድ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ደግሞ ማንንም ሳያስርቡና ሳያዋርዱ ማዘጋጀት ይቻላል።

መጀመሪያ ያልተረፉትን መቁጠር

ስለ መከራ ጥቅም የሚመሰክሩልን ከመከራው የተረፉት ናቸው። በኩራዝ አጥንቶ ሐኪም የሆነው ሰው ታሪኩን በሠርግና በምርቃት ይናገራል፤ በዚያው ኩራዝ እያጠና ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው ጎረቤቱ ግን መድረክ አይሰጠውም። ስለዚህ «እኛ እንዲህ ሆነን ነው ለዚህ የበቃነው» የሚል ክርክር ሲነሣ፣ አብረው ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የራስዎን የክፍል ጓደኞች በስም እያስታወሱ መቁጠር ብዙ ጊዜ በቂ መልስ ይሰጣል።

ይህን ቆጠራ በትዕግሥት ያካሄዱ ተመራማሪዎች አሉ። ኤሚ ዌርነርና ባልደረቦቿ በሃዋይዋ የካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጉልምስና ዕድሜያቸው ተከታትለዋል። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብ፣ በወላጅ ሕመም ወይም በመጠጥ ሱስ መካከል ካደጉትና ለአደጋ በእጅጉ ተጋልጠዋል ከተባሉት ሕፃናት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በትምህርት፣ በጠባይ ወይም በአእምሮ ጤና ከባድ ችግር ገጠማቸው፤ አንድ ሦስተኛው ግን ብቁና አሳቢ ሰዎች ሆነው አደጉ። መከራው ለሁሉም ደርሷል። የተሳካላቸውን ከለዩአቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚያስብላቸው ትልቅ ሰው በአጠገባቸው መኖሩ ነበር፤ አያት፣ አክስት ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ለወላጅ ይህ ብዙ ይነግረዋል፤ ልጁን ያጠነከረው ችግሩ ይሁን ችግሩን አብሮ የተሸከመው ሰው፣ ታሪኩን ከሩቅ ሲሰሙት አይለይም።

አንዳንዱ መከራ ደግሞ እንኳን ሊያስተምር ለመማር የሚያስፈልገውን አካል ራሱን ያጎድላል። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በናዚ ጀርመን በተያዘው የኔዘርላንድስ ክፍል በደረሰው ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ሰዎች፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሲመረመሩ የልብ ሕመምና ከስኳር ጋር የተያያዘ የጤና ችግር ከሌሎች ይልቅ በርትቶ ታይቶባቸዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በሕፃንነቱ የተራበ ልጅ ጽናትን እየተማረ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ልጁ የከፈለውን ዋጋ አላየም።

የተጠቀለለውን ችግር መፍታት

ችግር ብቻውን አይመጣም፤ ብዙ ነገር ተጠቅልሎ በአንድ ላይ ይደርሳል። የመመሪያው ዋና ሥራ ይህን ጥቅል ፈትቶ፣ የትኛው ክፍል እንዳስተማረና የትኛው ዋጋ ብቻ እንዳስከፈለ መለየት ነው። ለዚህ ከቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ሁለቱ ዓይነት ችግሮች በአንድ ተማሪ ላይ በአንድ ቀን ይታያሉና።

የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ኮቾሮ ቆርጥሞ ያድራል፤ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ ስለሚተኛ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ያሰጋዋል። ይህ አንደኛው ችግር ነው። ሁለተኛው የሚገጥመው በትምህርቱ ላይ ነው። የግእዝ ግስና አገባብ ከያዘ በኋላ ጀማሪው የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው። እሱን ሲያደላድል ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ በጊዜው ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለበትን፣ አገባቡ የተዛባበትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘበትን አቃንቶ ይመልስለታል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ስለማይደገም በማግሥቱ እንደገና ከባዶ ይነሣል።

አሁን አንዱን ችግር በሐሳብ አንሥተው ሌላውን ይተዉት። ተማሪው ጠግቦ ቢያድርና ንጹሕ መኝታ ቢያገኝ፣ ነገር ግን በየዕለቱ መቁጠሩና መንገሩ እንዳለ ቢቀጥል ቅኔው ይጎድላል? የሚጎድልበት ምክንያት አይታይም። በተቃራኒው ረሃቡና ልመናው እንዳለ ሆኖ መንገሩና መታረሙ ቢቀር፣ ወይም ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን መወድስ ካልቆጠርህ ቢባል፣ ስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራም ሆነ ጎንጅ አንድ ባለቅኔ ባላፈሩ ነበር። ልመናው ትሕትናን ያስተምራል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ያ ለመንፈሳዊ ሕይወት የተቀመጠ ዓላማ ስለሆነ እዚህ አልከራከረውም። ረሃብ ቅኔ ያስተምራል ከተባለ ግን እከራከራለሁ።

አበበ ቢቂላም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስሕተት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ እግሩ የድሉ ምክንያት እየሆነ ይነገራል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። በሁለቱም ውድድሮች ያልተለወጠው በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን ሥር የተካሄደው በዕቅድ የተመራ ልምምድና በከፍታ ቦታ መኖሩ ነው። የሚያደክመው ሥራ ከእሱ አልተነሣም፤ የተነሣው ድንጋዩ ነው።

በቤትዎም የሚሠራው ይኸው ፈተና ነው። ልጁን የሚያስቸግረውን ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት «ይህን ባነሣለት የሚማረው ነገር ይቀርበታል?» ብለው ይጠይቁ። መብራት ስለሌለ ዓይኑ መድከሙ፣ ደብተር ስለተወደደ በቁራጭ ወረቀት መጻፉ፣ ሲሳሳት መሰደቡ ቢነሡ ምንም አይቀርበትም። ሒሳቡ መክበዱ ግን ይቆይለት።

የሚቆየውን ችግር በልክ ማድረግ

ይህኛው ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብዛኞቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ወላጅ ቶሎ ይሠራለታል፣ ሌላው «ራስህ ተወጣው» ብሎ በሩን ይዘጋል።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት አራተኛንና አንድ ስድስተኛን ደምሪ ተብላ፣ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ አራት አሥረኛ ብላ ጻፈች እንበል። መልሱ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው ብሎ መንገር ሥራውን ከእጅዋ መንጠቅ ነው። ስሕተት ነው ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መሄድም መውጫ የሌለው ችግር ውስጥ ይጥላታል። ከዚህ ይልቅ «ሦስት አራተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? አራት አሥረኛስ?» ብሎ መጠየቅና ዝም ማለት ነው። አንደኛው ከግማሽ እንደሚበልጥ፣ መልሷ ደግሞ ከግማሽ እንደሚያንስ ስታይ፣ በላዩ ላይ የተደመረበት ቁጥር እንዴት እንዳነሰ ራሷ ትገረማለች። መገረሟ ጥያቄውን የራሷ ያደርገዋል። ዝምታው ለወላጅ ይከብዳል፤ ልጅቷ እርሳሷን እያኘከች ጣሪያ ጣሪያ ስታይ ለመናገር ያሳክካል፤ ነገር ግን እያሰበች እስከሆነ ድረስ መጠበቅ ይገባል። እንባ ከቀረበ ወይም ያንኑ ስሕተት ያለ ሐሳብ መደጋገም ከጀመረች ልኩ አልፏልና አንድ ደረጃ ወርዶ፣ ግማሽንና አንድ አራተኛን እንድትደምር መስጠት ነው።

ልኩን ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ምልክት አለ። ልጁ ከሚሞክረው ውስጥ የሚበዛውን የሚያገኝ፣ ጥቂቱን የሚስት ከሆነና የሳተውን እንዴት እንደሞከረው መናገር ከቻለ፣ ሥራው በልኩ ነው። ሁሉን የሚያገኝ ልጅ ሥራ አልተሰጠውም፤ ሁሉን የሚስት ልጅ ደግሞ የሚማረው «አልችልም» የሚለውን ብቻ ነው።

ክብደቱም ዓይነት አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ፣ አንብበው ጽሑፉን በመዝጋት ያስታወሱትን ከጻፉት በልጠው ተገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ስለዚህ ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ምዕራፉን ለአራተኛ ጊዜ እንዲያነብ ከማዘዝ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ለእርስዎ እንዲነግርዎ ማድረግ ይሻላል። ይደናቀፋል፣ ይበሳጫል፣ አላውቀውም ይላል፤ ይህ መደናቀፍ ሊቆይለት ከሚገባው ችግር ወገን ነው።

ዕረፍትም የሥራው ክፍል ነው። የሩጫ አሠልጣኞች ከከባድ ልምምድ ቀጥሎ ቀለል ያለ ቀን የሚያስከትሉት፣ ሰውነት የሚጠነክረው ጭነቱን ተቀብሎ በሚያገግምበት ሰዓት በመሆኑ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ማስጠኛ፣ ከማስጠኛ ወደ ቤት ሥራ የሚነዳና እኩለ ሌሊት ላይ የሚተኛ ልጅ ጠንካራ እየሆነ ሳይሆን እየደከመ ነው።

መቆም ያለበትን ጊዜ ማወቅ

ችግሩ ከማስተማር ወደ መጉዳት ሲሻገር ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከትምህርቱ ውጭ ነው። እንቅልፍ ይርቃል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ተጫዋች የነበረው ልጅ ዝም ይላል፤ አልጋ ማርጠብ የተወው መልሶ ይጀምራል፤ ይችለው የነበረው ነገር ይጠፋበታል። እነዚህ ለሳምንታት ሲዘልቁ «ይለምደዋል» ማለት አይገባም። በተለይ ድብደባ፣ ስድብና ማስፈራራት በቤት ውስጥ ካሉ፣ ማጠንከሪያ ናቸው የሚለው ሐሳብ በማስረጃ አይደገፍም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመውና ቪንሰንት ፌሊቲ የመሩት የአሜሪካ ጥናት፣ በልጅነት የደረሱ በደሎችና የቤት ውስጥ ሁከቶች በቁጥር እየበዙ በሄዱ መጠን፣ በጉልምስና የልብ ሕመም፣ የድብርትና የመጠጥ ሱስ አደጋም አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል።

በውጭ አገር ለሚያሳድጉ ጥቂት ቃል

በዋሽንግተንም ሆነ በቶሮንቶ ያሉ ወላጆች «ልጆቻችን ችግር ስላላዩ ለስልሰዋል» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው፤ አንዳንዶች ልጁ «እንዲያይ» ብለው ለክረምት ወደ አገር ቤት ይልኩታል። ከዘመድ ጋር ለመተዋወቅና ቋንቋ ለመልመድ ከሆነ መልካም ነው። ችግርን ለማስጎብኘት ከሆነ ግን ልጁ የሚማረው ስለ ሌሎች ድህነት ነው፤ ስለ ራሱ ብርታት ብዙ አይማርም። ደግሞም ልጁ ችግር አላየም የተባለው በችኮላ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ለእናቷ የምታስተረጉም፣ የኪራይና የመድን ደብዳቤ አንብባ ለአባቷ የምታስረዳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የሐኪሙን መጥፎ ዜና ከእናቷ በፊት የምትሰማው እሷ ናት። ይህን ሸክም ከልጅ ላይ አንሥቶ ሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ፣ በምትኩም በዕድሜዋ ልክ የሆነ እውነተኛ ኃላፊነት መስጠት ይገባል፤ በሳምንት አንድ ቀን የቤተሰቡን እራት ከግዢው እስከ ዕቃ ማጠቡ በራሷ ማዘጋጀት፣ ወይም ፊደል ለታናሽ ወንድሟ ማስቆጠር። ወጡ ቢያር የሚራበው ቤተሰቡ ነው፤ ኃላፊነቱን እውነተኛ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ጭቅጭቁ ወደ አገር ጉዳይ ሲያድግ

«ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚል ሰው ጦርነት ባይኖር ሥልጣኔ አይኖርም ወደሚለው ለመድረስ ብዙ አይቆይም፤ ታዳጊ ልጆችም ይህን ጥያቄ ያነሣሉ። እዚህም ቢሆን መንገዱ ያው ጥቅሉን መፍታት ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው ፔኒሲሊን ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያስተዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ1928 በሰላም ዘመን ነው፤ በኦክስፎርድ ፍሎሪና ቼይን መድኃኒት ወደ መሆን አደረሱት፤ ጦርነቱ ያመጣው በብዛት ማምረቱን ነው። ያንን ያስቻሉት ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ፣ የተቀናጀ አመራርና የፋብሪካዎች ዕውቀት መጋራት ናቸው። እነዚህ ያለ ጦርነት አይገኙም? ፈንጣጣ የጠፋው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ባላንጣዎች በነበሩበት ዘመን፣ ሁለቱ ተባብረው ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ክትባት ሰጠች፣ በዓለም የጤና ድርጅት ውስጥ ሥራውን የመራው አሜሪካዊው ዶናልድ ሄንደርሰን ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በሶማሊያ መርካ የዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ታማሚ በ1977 ተገኙ። በአገራችን ሥራውን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ግጭት ነበር፤ ክትባት ሰጪዎች እስከ መታገት ደርሰዋል።

ከዚያም ወጪውን መቁጠር ያስፈልጋል። የንጥረ ነገሮችን የአቶም ቁጥር በኤክስሬይ የለየው ሄንሪ ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1915 በጋሊፖሊ ሲገደል 27 ዓመቱ ነበር። በእኛም አገር ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር የተማሩ ወጣቶችን እያደነ ገደለ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት ረሸነ። ቀይ ሽብርም ሌላ የተማረ ትውልድ በላ። ጦርነት አመጣ የሚባለው ግኝት ሲቆጠር፣ እነዚህ ሰዎች ሊሠሩት የነበረው ሥራ ከሒሳቡ መውጣት የለበትም።

ይህ ማለት ግን አለመግባባት ሁሉ ይጥፋ ማለት አይደለም። ተማሪ የመምህሩን ሐሳብ በማስረጃ እንዲሞግት፣ ወንድምና እኅት በቴሌቪዥን ምክንያት ሲጣሉ ራሳቸው እንዲስማሙ መተው ይጠቅማል። ጣልቃ የሚገባው ኃይላቸው ሲበላለጥ፣ እጅ ሲነሣ ወይም ክርክሩ ከነገሩ ወደ ሰውየው ሲዞር ነው።

ማንም ያልመረጠው መከራ ሲደርስ

እስካሁን የተነገረው ወላጅ ሊተወው ወይም ሊያነሣው ስለሚችለው ችግር ነው። ሞት፣ መፈናቀልና ጦርነት ግን ፈቃድ አይጠይቁም። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ ለሕይወት ያላቸው አመለካከት እንደጎለመሰ የሚናገሩ ሰዎች መኖራቸውን ቴዴስኪና ካልሁን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አጥንተዋል፤ ዕድገቱ የሚመነጨው ከአደጋው ሳይሆን ከአደጋው በኋላ ሕይወትን መልሶ ለማቆም ከሚደረገው ትግል መሆኑን፣ ሕመሙም ከዕድገቱ ጋር አብሮ ሊቆይ እንደሚችል ያስረዳሉ። ስለዚህ አባቱ ለሞተበት ልጅ «ይህ ያጠነክርሃል» ማለት አይገባም። ልጁ ካልጠነከረ ሁለተኛ እንደወደቀ ይቆጥረዋል።

በሰሜኑ ጦርነት ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን ለሚቀበል አስተማሪ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የማይለዋወጥ የዕለት ሥርዓት ነው፤ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጀመር ትምህርት፣ የታወቀ መቀመጫ፣ ሲቀሩ የሚጠይቃቸው ሰው። ቀጥሎ በዕድሜያቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት ልክ መመደብና ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ ደረጃውን ከፍ ማድረግ ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ሲይዝ እንዳያፍር፣ በእሱ ደረጃ ካሉት ጋር ለብቻ አስቀምጦ ማስጠናት ይረዳል። ያዩትን እንዲናገሩ ማስገደድ አይገባም፤ ሊናገሩ ሲፈልጉ የሚያዳምጥ ሰው ግን መመደብ አለበት። ሌሊት የሚባንን፣ በድንገተኛ ድምፅ የሚርበደበድ ወይም ራሱን የሚጎዳ ልጅ ካለ፣ አስተማሪው ብቻውን ሊይዘው ሳይሞክር ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይላከው።